የሳሎን ዓሦችና መድናቸው

በዚህ ዓመት የብርድ ወራት ሐኪሙ ቀኝ ክንዴን ወደ ላይ አንስቶ፣ ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ ጎትቶ ካየ በኋላ ሥራዬን ጠየቀኝ። የዓሣ ገንዳ አጸዳለሁ አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። በቤሩት ሀብታም ሳሎኖች ውስጥ ሰው የሚያህል የመስታወት ገንዳ እንዳለ፣ ውሃው በባልዲ ተቀድቶ በባልዲ እንደሚሞላ፣ እኔም ጉልበቴን የጨረስኩት በዚሁ እንደሆነ ሳስረዳው ፈገግታውን ሰበሰበና፣ "እንግዲያው ባልዲውን ለሌላ ሰው ስጪ" አለኝ። ጡረታ የወጣሁት በዚህች ንግግር ነው። ከክሊኒኩ ወጥቼ በቫን ሰፈሬ ደክዋኔ እስክደርስ ድረስ ትከሻዬን እያሻሸሁ ያለፍኩባቸውን ቤቶች ሁሉ በልቤ ዞርኩ። ይህን የማወራውም ሥራው ሥራ እንደነበረ እንዲታወቅ ነው።

የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። በእኛ አገር ዓሣ ይጠበሳል፣ ይበላል፣ አበቃ። ዓሣ ስም ወጥቶለት፣ ብርድ እንዳይመታው ማሞቂያ ተገዝቶለት፣ ይባስ ብሎ መድን ተገብቶለት ያየሁት ቤሩት ነው። የመጣሁት እንደማንኛዋም የቤት ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያዋን ማዳሜን ነገር አልዘረዝረውም፤ ደመወዝ ሲቆም ወጣሁ፣ ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት፣ በሰዓት ቤት የምታጸዳ፣ ደክዋኔ ውስጥ ከአርሲዋ ከሐዋ ጋር አንዲት ክፍል የምትጋራ ሴት ሆንኩ።

በሰዓት ከማጸዳቸው ቤቶች አንዱ ጃል ኤል ዲብ፣ የማዳም ረንዳ ቤት ነበር። አንድ ጠዋት ወለል እየወለወልኩ ሳለ ባሏ ያዘዘው የዓሣ ገንዳ መጣ። ገንዳው ትልቅ ስለሆነ በሊፍት አልገባ ብሎ መስታወቱ በየገጹ ተነጥሎ ነው የመጣው፤ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሊገጣጠም። ይዞት የመጣው ከካራንቲና አንድ ሸምገል ያለ አርመን ነው። መዓለም ሳርኪስ ይሉታል፤ መዓለም ማለት በእጁ ሥራ የሠለጠነ፣ እንደ እኛ "ጌታው" ማለት ነው። ረዳቱ ቀርቶበት ስለነበር ዙሪያውን ሲያይ እኔን አየ። "ያላ ቢንቲ፣ ይቺን ያዥልኝ" አለ። ያላ በይ እንግዲህ፣ ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። መወልወያዬን ጥዬ የመስታወቱን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ። እሱ በሲሊኮን ማጣበቂያ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ሲጨርስ ልቀቂ አላለኝም፤ እኔም አልለቀቅሁም። ክንዴ እሳት ሆነ። በመጨረሻ እጆቼን አየና ካራንቲና የት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ።

ወርክሾፑ ከወደቡ አጠገብ፣ በአናጢና በጎማ ጠጋኝ መካከል ነበር። ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እዚያ መሄድ ጀመርኩ። ሳርኪስ ተቀምጦ ያስተማረኝ ነገር የለም። አጠገቡ ቆሜ የሚያደርገውን እያየሁ ነው የለመድኩት። ከሁሉ በፊት እስከ ክርኑ በውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ሳሙና ዓሣ ይገድላልና። የታጠበውን እጁን ለባለቤቱ ያሳያል፣ ባለቤቱም እንዲሁ መታጠብን እንዲለምድ። ከዚያ ውሃ ልኩን ያወጣል። ገንዳው የሚቆምበትን ጠረጴዛ በአራቱም ማዕዘን እየለካ ሳለ ማንም ቢያናግረው አይመልስም። ውሃ ዘመም ያለ ነገር አይምርም፣ ዛሬ ባይሆን ሌላ ቀን ይበቀላል ይል ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ጋዜጣ ያነጥፋል። ዓይን ሳያይ ጋዜጣ ያያል፤ ስፌቱ ጠብታ ማሳለፍ ከጀመረ ወረቀቱ ይጠቁራል። ዓሣ ታሞ ባለቤቱ ይድናል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ይድናል ብሎ አያውቅም። "ዛሬ ደህና ነው" ነበር መልሱ።

አንዱን ልማዱን ግን ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። ገንዳ ተክሎ ሲጨርስ አንድ ፎቅ ወርዶ ከታች ያለውን ጎረቤት ያንኳኳል። "ከእርስዎ ጣሪያ በላይ ይህን ያህል ውሃ አስቀምጫለሁ፤ ስሜ ሳርኪስ ነው" ብሎ እጅ ይጨብጣል። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ግባ ይለዋል። እኔን ነይ ውረጂ ሲለኝ ደረጃው ላይ ቀርቼ እጠብቀው ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው በር አያንኳኳም። በተለይ ማዳም ረንዳ ቤት፣ ከሥር የሚኖሩት አቡ ሚሼል የውጭ አገር ሰዎች ወረቀት በሚታይበት መሥሪያ ቤት የሠሩ ጡረተኛ መኮንን እንደሆኑ ናጡሩ፣ ያው ዘበኛው፣ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሳቸው ፎቅ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

የወደቡ ፍንዳታ የደረሰ ጊዜ ሳርኪስ ሴት ልጁ ታሊን ቤት ስለነበር ተረፈ። ወርክሾፑ ውስጥ ግን አንድ ሙሉ መስታወት አልቀረለትም። ከዚያ በኋላ ቤሩት ውስጥ መስታወት የሚያምን ሰው ጠፋ። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ገንዳውን እንሽጠው ወይስ ኢንሹራንስ እናስገባው እያሉ ሲጨነቁ፣ አንድ የመድን ድርጅት የቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳን በቤት መድን ውስጥ እቀበላለሁ አለ። ነገሩ ሁለት ወገን ነበረው። አንዱ የራሱ የገንዳው ጉዳት ነው፤ መስታወቱ፣ ማጣሪያው፣ ዓሣው። ሁለተኛው ውሃው በሰው ላይ የሚያደርሰው ነው፤ የጎረቤት ጣሪያ፣ የጎረቤት ምንጣፍ። በሕመምና በእርጅና ለሞተ ዓሣ አይከፈልም፤ ማሞቂያው ተበላሽቶ ለቀቀለው ይከፈላል። አንድ ግዴታ ነበረበት፤ ገንዳው አስቀድሞ በባለሙያ መታየት፣ ከዚያም በሚታወቅ ባለሙያ እጅ መጠበቅ አለበት። የሚታወቀው ሳርኪስ ነበር። እኔ የሳርኪስ እጅ ነበርኩ።

ድርጅቱ የላካት ሲት ጁማና፣ እንደ እኛ ወይዘሮ ጁማና፣ ትባላለች። ኸቢራ ይሏታል፤ በእኛ አነጋገር ጉዳት ገማች ነች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የምትገባ፣ ከመጠየቋ በፊት ረጅም ጊዜ የምታይ ሴት ናት። ከሳርኪስ ጋር ሲገናኙ ሁለቱም ዝም ብለው ገንዳውን ሲዞሩት ባለቤቶቹ ይጨነቁ ነበር።

አሁን ስለ ዑስታዝ ናጂ ቤት ልናገር። እሱን ሳልናገር ብዘል ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ዑስታዝ ናጂ ደክዋኔ ውስጥ ከእኛ ሦስት መንገድ አልፎ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሚስታቸው ሲት ሱዓድ የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። የባላቸውን ስም እንኳ ሲረሱ ገንዳው ፊት ግን ቀኑን ሙሉ በሰላም ይቀመጡ ነበር። ለዓሦቹ የወንድሞቻቸውንና የእህቶቻቸውን ስም አውጥተውላቸዋል፤ ያንን አይረሱም። ዑስታዝም መድኑን የገቡት ለእሳቸው ብለው ነው።

አንድ የበጋ ጠዋት ዑስታዝ ራሳቸው ወደ ክፍላችን መጡ። የመንግሥቱ መብራት ድሮም የለም፤ የሰፈሩ ጄኔሬተር ደግሞ ተቃጥሎ ቆሟል። ከሙቀቱ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። ፓምፕ ሲቆም ውሃው አየር ያጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። እየሮጥኩ ሄድኩ። ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ሐዋ ከየሱቁ በረዶ ለምና አምጥታ በላስቲክ አስራ ውሃው ላይ አንሳፈፈችልኝ። ክንዴ ሲዝል ዑስታዝ ተቀበሉኝ፣ እሳቸው ሲደክማቸው ሐዋ። ሳርኪስ ስልኩን አንስቶ በመኪና መንገድ ላይ ነኝ አለ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ዓሦቹ መጀመሪያ ላይ ላዩን እየመጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አንድ በአንድ ጎናቸው ላይ ተኙ። ከቀትር በኋላ የአስር ሶላት አዛን ሲጠራ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ጆጉን ግን ማቆም አልቻልኩም፤ ሐዋ ናት ከእጄ የወሰደችው።

ሲት ሱዓድ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ተኝተው ነው?" አሉ።

ዑስታዝ ናጂ እጃቸው እንደራሰ አጠገባቸው ተቀመጡ። "አዎ፣ ደክሟቸዋል" አሉ።

በማግሥቱ ሲት ጁማና መጣች። መብራት በመጥፋት ለሞተ ዓሣ ውሉ አይከፍልም። ድርጅቱ እዚህ ከተማ መብራት መጥፋትን እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚቆጥረው፣ ያኒ፣ ማለትም ሁሌ ያለ ነገር ነው ብላ አስረዳች። ዑስታዝ አልተከራከሩም። እሷ ግን ተነስታ አልሄደችም። ባዶውን ገንዳ አንድ ጊዜ ዞረችውና ምን ቢኖር ኖሮ ይተርፉ ነበር ብላ አብሮን የነበረውን ሳርኪስን ጠየቀችው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ ይነሳል አላት። ይህን ይዛ ቢሮዋ ገባች። እዚያ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ወራት ፈጀባት። በመጨረሻ ግን የባትሪ ፓምፕ የገጠመ ቤት በመብራት መጥፋት ለሚሞት ዓሣም ይከፈለዋል የሚል ደንብ ወጣ። ያን መኸር ከሳርኪስ ጋር ከቤት ቤት እየዞርን ፓምፕ ስንገጥም ከረምን። የመጀመሪያውን የገጠምኩት ዑስታዝ ናጂ ቤት ነው። ገንዳውም በአዲስ ዓሦች ሞላ። ሲት ሱዓድ አዲሶቹን ትክ ብለው አዩና የጎረቤቶቻቸውን ስም ማውጣት ጀመሩ። የሞቱት ግን እስካሁን ያንገበግቡኛል። ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎም የሚያጣው ነገር እንዳለ ያወቅሁት እዚያ ቤት ነው።

ሳርኪስ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ወርክሾፑን ለታሊን አስረከበ። እሷ መስታወት መቁረጡን ያዘች፤ ቤት ለቤት የሚዞረው ሥራ የእኔ ሆነ። ደመወዜም እንደ ባለሙያ ሆነ፣ ወረቀቴ ግን ያው ነበር።

አንድ ጠዋት ማዳም ረንዳና ባሏ ተራራ ላይ ወዳለው ቤታቸው ወጥተው ሳለ በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብዬ ጋዜጣውን አየሁ። የኋላው ግራ ማዕዘን ጠቁሯል። በጣቴ ስፌቱን ዳሰስኩ፤ ሲሊኮኑ ከመስታወቱ መለየት ጀምሯል። ያ የመጀመሪያው ቀን በእጄ የያዝኩት መስታወት ነው። እጄ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ጎማውን ወደ በረንዳው ማፍሰሻ ዘርግቼ ውሃውን ለቀቅሁት። ጎማው ቀጭን ነው፣ ገንዳው ትልቅ። ስፌቱ ቢቀድመኝ ውሃው የሚወርደው አቡ ሚሼል ላይ ነው።

ደረጃውን ወርጄ በራቸው ፊት ቆምኩ። እጄ እርጥብ ነው፣ ፎጣዬ ትከሻዬ ላይ። እዚያ ስለቆምኩበት ጊዜ ብዙ ማለት አልችልም። አንኳኳሁ። የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ረጅም፣ በቤት ልብስ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው። ከላይ ያለው ገንዳ ሊፈነዳ ስለሚችል ከሳሎን መሐል ያለውን ዕቃ እናንሳ አልኳቸው። ወዲያው ዞረው ምንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ። አብረን ምንጣፉን፣ ሬዲዮኑን፣ መጻሕፍቱን ወደ መኝታ ቤት አስገባን። ከዚያ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ዓሦቹን በመረብ ወደ ባልዲዎች አወጣኋቸው፤ የባትሪውን ፓምፕም አገባሁላቸው። የመጨረሻውን አውጥቼ ቀና ስል ገንዳው እንደሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ አሰማ፤ የኋላው መስታወት ተገነጠለና የቀረው ውሃ ሁሉ ወለሉን አጥለቅልቆ ወደ አቡ ሚሼል ጣሪያ ሰረገ። ግማሹ ግን አስቀድሞ በበረንዳው ወርዶ ነበር።

ማታ ማዳም ረንዳ ደወለች። ስለ ዓሦቹ አመሰገነችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ኸቢራዋ ስትመጣ እዚያ እንዳልገኝ፣ ገንዳውን የምታጸዳው ራሷ እንደሆነች እንደምትናገር ነገረችኝ። ለእኔ አስባ ነው። ይሁን እንጂ እንዲያ ካለች በባለሙያ እጅ ይጠበቃል የሚለው ግዴታ ይፈርሳል፤ ለእሷም ለአቡ ሚሼልም የሚከፈል ነገር አይኖርም። ብሄድ ደግሞ ገንዳው የፈረሰው በእኔ እጅ ላይ ነው። ወረቀት የሌላት ሴት ብቻዋን ቤት ውስጥ ሆና ያን ያህል መስታወት ሰበረች ቢባል ማን ይመልሳል?

ሐዋ አትሂጂ አለች። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ "እነሱ ዕቃ ነው የጠፋባቸው። ዕቃ ይተካል። አንቺን ከወሰዱሽ በምን እንተካሻለን?" አለች። ውሃ የሚፈስበትን ቤት ትታ ሮጠች ከተባለ ግን የሳርኪስ ወርክሾፕ ስም አብሮ ይፈስሳል። ይህን ማሰብ አልቻልኩም። ጠዋት ሻሼን አስሬ ሄድኩ።

ሲት ጁማና ከአንድ የድርጅቱ ወጣት ጋር ነበረች። እሷ በመብራት ስፌቱን እያየች ሳለ ልጁ ለማዳም ረንዳ ያስረዳል፤ ገንዳው ለዓመታት ምንም ሳይሆን ቆይቶ ሰው ጎማ ሲያገባበት መፍረሱ አጠራጣሪ ነው፣ ምናልባት ሠራተኛዋ ተደግፋው ይሆናል አለ። በጨዋ ቋንቋ ነው ያለው። ማዳም ረንዳ አየችኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳና አቡ ሚሼል ገቡ። ኮት ለብሰው፣ ተላጭተው ነበር።

ሲት ጁማና ቀና ብላ፣ ይህች ሴት ወደ እርስዎ የመጣችው ውሃው ጣሪያዎ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ወይስ በፊት ብላ ጠየቀቻቸው።

"በፊት። ምንጣፌን አብረን ጠቅልለን ጨርሰናል፣ ጣሪያዬ ገና ደረቅ ነበር።"

"ያውቋታል?"

አቡ ሚሼል ወደ እኔ ዞሩ። "በደረጃው አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ለዓመታት አያታለሁ" አሉ። "ለምን እንደምትደፋ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነበር። እሷም ሥራዬን ታውቅ ነበር። ያን ቀን ግን መጥታ በሬን አንኳኳች።"

ልጁ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ሲት ጁማና ወደ ማዕዘኑ ተመልሳ የረገፈውን ሲሊኮን በጣቷ ፍቃ አሳየችን፤ ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቀ ማስቲካ ይሰባበራል። ከምዕራብ ያለው መስኮት መጋረጃ ተነስቶለት ፀሐይ ከቀትር በኋላ ያችን ማዕዘን ስትመታት እንደኖረች ያወቀችው እሷ ነች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ስፌቱ በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀው አለች። ከዚያ ዞራ፣ የገንዳው ባለሙያ በሚለው ቦታ ልትጽፈው ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ። እስከ አያቴ ነገርኳት።

ኢንሹራንሱ ለሁለቱም ቤት ከፈለ። የወረቀቴ ነገር ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። ታሊን በወርክሾፑ ስም ስፖንሰር ሆነችኝ። የትኛው መስኮት ላይ መቆም፣ ምን ይዞ መሄድ እንዳለብን የነገሩን አቡ ሚሼል ናቸው፤ አንድ ቀን ኮታቸውን ለብሰው አብረውን ተሰለፉ። ኢቃማዬን የያዝኩ ቀን ሳርኪስ ካርዱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ስሜን ፊደል በፊደል አነበበው፤ "ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን አንቺም መዓለማ ነሽ" አለ። ከዚያ ወዲያ ገንዳ በተከልኩበት ሁሉ ወደ ታች የምወርደው እኔ ሆንኩ።

ባልዲውን የሰጠሁት ለሐዋ ነው። ከሐኪሙ ቀን በፊትም ዓመት ሙሉ አብራኝ ዞራለች፤ እጇ ከእኔ ይቀልላል፣ ዓሣ ማናገር ትወዳለች። ታሊን እሷንም አስመዝግባታለች። ቤቶቹን አንድ በአንድ አስረክቤአት ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ማዳም ረንዳ ቤት ሆነ። አዲሱ ገንዳ አሁን ከመስኮቱ ርቆ ቆሟል። ሐዋ እስከ ክርኗ ታጥባ እጇን አሳየች፣ ሥራዋን ጀመረች። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ማዳም ረንዳ ከወጥ ቤት ጭማቂ ይዛ መጣችና፣ "ሰዓዳ፣ ለምን ትቆሚያለሽ፣ ተቀመጪ እንጂ" አለችኝ፤ በእጇም ሶፋውን አሳየችኝ።

ተቀመጥኩ። በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ዓሦችን የማያቸው ከላይ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ፣ ክንዴን ውሃ ውስጥ አግብቼ፣ ጀርባቸውን ብቻ። ሶፋው ላይ ስቀመጥ ገንዳው በሙሉ ፊት ለፊቴ ሆነ። ጎናቸው ብርቱካንማና ሰማያዊ ነው፤ ሲዞሩ ቀለማቸው ይለወጣል። የሐዋ እጅ ከላይ ሲገባ ሁሉም ወደ እሷ ሄዱ። ጭማቂዬን እየጠጣሁ እስክትጨርስ ድረስ ተመለከትኳቸው። ሰዎች ለዚህ ነገር ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁ፣ ለምንስ መድን እንደሚገቡለት፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ሆኜ ገባኝ።